ሦስተኛ የወጣው ለምን በለጠ? የቴሌቪዥን የድምፅ ውድድርና የዛሬው ሙዚቃ

እ.ኤ.አ. በ2010 የብሪታንያውን ኤክስ ፋክተር ማን እንዳሸነፈ ታስታውሳላችሁ? ማት ካርድል የሚባል ዘፋኝ ነበር። በዚያው ዓመት ሦስተኛ የወጡት ግን ዋን ዳይሬክሽን ናቸው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አምስቱ ልጆች ወደ ውድድሩ የገቡት ለየብቻቸው ነበር። ለየብቻቸውም አላለፉም። ሊሰናበቱ ሲሉ ነው ዳኞቹ መልሰው ጠርተው በአንድ ቡድን ያሰባሰቧቸው። ያን ዓመት ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ አንድ ሰው መረጠ፣ ዓለም ሁሉ የዘፈነላቸው ግን በየግላቸው የወደቁት ልጆች ሆኑ።

ይሄ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው ብለን እናልፈው ነበር። ግን በየአገሩ ይደጋገማል። በ2004 በአሜሪካን አይዶል 7ኛ ሆና የተሰናበተችው ጄኒፈር ሃድሰን በ2007 ኦስካር ወሰደች። በ2006 አራተኛ ወጥቶ የተሸኘው ክሪስ ዶትሪ ባንድ አቋቁሞ በዚያው ዓመት ያወጣው አልበም፣ በቢልቦርድ የ2007 ዓመታዊ የአልበም ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ተቀመጠ። የስዊድኗ ሎሪን በአገሯ አይዶል በ2004 አራተኛ ነበረች። ከዚያ ዩሮቪዥን የተባለውን የአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር በ2012 እና በ2023 ሁለት ጊዜ አሸነፈች። በእነዚያው ዓመታት ዋንጫውን ያነሱትን ሰዎች ስም ዝርዝር ብታዩ ደግሞ ብዙዎቹን አታውቋቸውም።

እና እነዚህ ውድድሮች ለዛሬው ሙዚቃ ፋይዳ አላቸው ወይ ሲባል ሰው ቶሎ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ወገን የቴሌቪዥን መዝናኛ ናቸው እንጂ ከሙዚቃ ጋር ምንም አያገናኛቸውም ይላል። ሌላው ከዚያ የወጡትን ዝነኛ ዘፋኞች አንድ በአንድ ይቆጥርላችኋል። ለእኔ ጥያቄው መነሳት ያለበት ከሌላ በኩል ነው። ውድድሩ በዋናነት የሚመዝነው አንድ ችሎታ ነው፦ የሰውን ዘፈን በራስ ድምፅ አሳምሮ መዝፈን። የአንድ አገር ወይም የአንድ ስልት ሙዚቃ ዘፋኝን የሚፈልገው ለዚህ ሥራ ከሆነ ውድድሩ ትክክለኛውን ሰው ያገኛል። የሚፈልገው ለሌላ ሥራ ከሆነ ግን ስንት ሚሊዮን ሰው ቢያየውም ዒላማውን ይስታል።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ውድድር የተጀመረው በ1999 በኒው ዚላንድ፣ ፖፕስታርስ በሚባል ፕሮግራም ነው። በ2001 ሳይመን ፉለር በብሪታንያ ፖፕ አይዶልን ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት አሜሪካን አይዶል መጣ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውጤት የሚያስደነግጥ ነበር። የፖፕ አይዶሉ አሸናፊ ዊል ያንግ በ2002 ያወጣው የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ በአንድ ሳምንት ብቻ ከ1.1 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በዚያው ዓመት የኬሊ ክላርክሰን የአሸናፊነት ዘፈን በቢልቦርድ ሰንጠረዥ ከ52ኛ ወደ 1ኛ በአንድ ዝላይ ወጣና ቢትልሶች ከ1964 ጀምሮ ይዘውት የነበረውን ሪከርድ ሰበረ። የ2003ቱን የአሜሪካን አይዶል ፍጻሜ 38 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከተው።

ያኔ ወደ አድማጭ የሚያደርሰው በር ጥቂት ነበር። ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮና የሲዲ መሸጫ። የእነዚህ በር ጠባቂዎች ካላስገቡህ የትም አትደርስም። ውድድሩ ያንን በር በአንድ ሌሊት ከፈተው። ትልቁ ኃይሉም ይሄ ነበር።

በሩን ካለፉ በኋላ ምን ይዘፈናል የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መድረኩ ላይ የሚሆነውን አስተውሉት። ተወዳዳሪው ያለው ጊዜ ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ዘፈኑ ተመልካቹ ገና መግቢያውን ሲሰማ የሚያውቀው መሆን አለበት፤ የማያውቀውን ዘፈን ከሰማ ቻናሉን ይቀይራላ! በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ደግሞ ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሳ ነገር ያስፈልጋል። ስለዚህ ዘፈኑ ይቆረጣል፣ ቀስ ብሎ ይጀመራል፣ ወደ መጨረሻው አንድ ረጅም ከፍ ያለ ድምፅ ይጎተታል፣ አዳራሹ ይጮሃል። ለቴሌቪዥን ግሩም ነው። ግን ያ ሰው ነገ ስቱዲዮ ገብቶ ምን እንደሚዘፍን አንድም ፍንጭ አይሰጠንም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ፣ ተወዳዳሪው ለሳምንታት የደመቀው በሰው ወርቅ ነው፤ ውድድሩ ሲያልቅ ወርቁን ለባለቤቱ መልሶ ባዶ እጁን ይቆማል።

የሰው ዘፈን መዝፈን ራሱ ሙያ የሆነባቸው ቦታዎች ግን አሉ፤ እዚያ ታሪኩ ይገለበጣል።

ሕንድን ውሰዱ። የሕንድ ፊልም ሙዚቃ የቆመው በሥራ ክፍፍል ነው። አንዱ ግጥም ይጽፋል፣ ሌላው ዜማውን ይሠራል፣ ዘፋኙ ከመጋረጃ ጀርባ ድምፁን ይሰጣል፣ ተዋናዩ ካሜራ ፊት ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ከዘፋኙ የሚጠበቀው ድምፅና የአዘፋፈን ችሎታ ነው፣ ልክ ውድድሩ የሚመዝነው። ሽሬያ ጎሻል ገና ልጅ ሆና በቴሌቪዥን ውድድር ላይ ስትዘፍን የታዋቂው ዳይሬክተር የሳንጃይ ሊላ ባንሳሊ እናት አይተዋት ለልጃቸው ነገሩት። እሱም በ2002 በወጣው ፊልሙ አዘፈናት። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ አላለችም። አሪጂት ሲንግም በ2005 ከነበረ ውድድር የተሰናበተ ልጅ ነው፤ አላሸነፈም። ግን ከዚያ ወጥቶ በአቀናባሪዎች ስቱዲዮ ውስጥ ረዳት ሆኖ ዓመታት ሠራ፣ በ2013 አንድ የፊልም ዘፈን አገር ምድሩን አዳረሰለት፣ ዛሬ በዓለም ላይ በስፖቲፋይ ብዙ ተከታይ ካላቸው ዘፋኞች አንዱ ነው። ለሕንድ ሙዚቃ እነዚህ ውድድሮች ፋይዳ የላቸውም የሚል ሰው ካለ በእውነት አልሰማቸውም።

አሜሪካ ውስጥም ተመሳሳይ ቦታ አለ። የካንትሪ ሙዚቃ ነው። የካንትሪው ማዕከል ናሽቪል የምትታወቀው በዘፋኞቿ ብቻ አይደለም፣ ሥራዬ ብለው ለሌላ ሰው ዘፈን በሚጽፉ ደራሲዎቿም ነው። ለጥሩ ድምፅ እዚያ ጥሩ ዘፈን ይጠብቀዋል። እንግዲህ ከውድድር ወጥተው የጸኑትን ዘፋኞች ስትቆጥሩ የካንትሪው ሰው መብዛቱ አያስገርምም። ካሪ አንደርዉድ በ2005 አሜሪካን አይዶልን አሸንፋ በዚያው ቀጠለች። ሚራንዳ ላምበርት በ2003 ናሽቪል ስታር በሚባል ውድድር ሦስተኛ፣ ኬሲ መስግሬቭስ በ2007 እዚያው 7ኛ ነበሩ። ሞርጋን ዋለን በ2014 ዘ ቮይስ ላይ ቀርቦ ተሰናበተ፤ በ2023 አንድ ዘፈኑ 16 ሳምንት በቢልቦርድ አንደኛ ሆኖ ቆየ። ያንን ዘፈን የጻፉት ሌሎች ሰዎች ናቸው። እዚያ ይሄ ነውር አይደለም፣ የሙያው ወግ ነው።

ጄኒፈር ሃድሰንም ኦስካሩን ያገኘችው በሙዚቃዊ ፊልም ነው። ያም የሰው ዘፈን ነው። አዳም ላምበርት በ2009 አሜሪካን አይዶል ላይ ሁለተኛ ወጣ፣ በኋላ ከኩዊን ባንድ ጋር በትልልቅ ስታዲየሞች ዘፈነ፣ የዘፈነውም ብዙዎቹ እሱ ሳይወለድ የተሠሩ ዘፈኖችን ነው። በብሪታንያ ገርልስ አላውድ በ2002 በውድድር የተመሠረተ ቡድን ነው። ጀርባቸው ለዓመታት አንድ የተዋጣለት የዘፈን ሠሪ ቡድን ስለቆመ ሃያ ነጠላ ዜማዎቻቸው በተከታታይ ከምርጥ አስሩ ገቡ። ሌሎች የውድድር ቡድኖች በአንድ ዓመት ውስጥ ሲበተኑ እነሱ የቆዩበት ምክንያት ድምፃቸው ስለበለጠ አይመስለኝም። ዘፈን ነበራቸው።

የሰው ዘፈን መዝፈንን እያናናቅሁ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁንልኝ። አንድን የታወቀ ዘፈን ወስዶ እንደገና ማስወለድ ትልቅ ጥበብ ነው፣ ዓለም ካየቻቸው ታላላቅ ድምፃውያን ብዙዎቹ አንድ መስመር ሳይጽፉ ኖረው አልፈዋል። ጭንቀቴ የዛሬው ሙዚቃ ሰፊው ክፍል ወደ ሌላ አቅጣጫ መሄዱ ነው።

ሂፕ ሆፕን አስቡት። በዓለም ላይ እጅግ ከሚደመጡት ስልቶች አንዱ ነው፣ በእነዚህ የድምፅ ውድድሮች ላይ ግን ቦታው ጠባብ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሌላ ሰው ራፕ ይዞ መድረክ ላይ የወጣ ራፐርን ማንም አያከብረውም። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ በ2012 የጀመረው ሾው ሚ ዘ መኒ ለራፐሮች ብቻ ሲዘጋጅ ሕጉ መለወጥ ነበረበት፤ ተወዳዳሪዎቹ የራሳቸውን ግጥም ይዘው ነው የሚገቡት። ፖፑም ቢሆን ዛሬ አድማጭ ዘፋኙን የሚከተለው ለድምፁ ብቻ አይደለም። የሚናገረውን፣ ሕይወቱን፣ የድምፁን ቀለም፣ ከየትኛው ፕሮዲዩሰር ጋር እንደሠራ ሁሉ ይከተላል። በንግግር ቃና ቀርቶ በሹክሹክታ የሚዘፈን ዘፈን ዓለምን ሊያዳርስ ይችላል። እንዲህ የሚዘፍን ሰው ዳኞች ፊት ቢቀርብ በመጀመሪያው ዙር ይሸኛል።

ካሸናፊዎቹ መካከል የተረፉት እንዴት ተረፉ? ኬሊ ክላርክሰን ጥሩ ማሳያ ናት። የአሸናፊነት ዘፈኗ የተለመደው ዓይነት ነበር። እሷን እሷ ያደረጋት በ2004 መጨረሻ የወጣው ሁለተኛ አልበሟ ነው፤ ወደ ሮክ አዘነበለች፣ እንደ ማክስ ማርቲን ያሉ ዘፈን ሠሪዎች ገቡበት፣ በ2006 ሁለት ግራሚ አስገኘላት። ሊዮና ሉዊስ ደግሞ በ2006 መጨረሻ ኤክስ ፋክተርን ስታሸንፍ እንደሌሎቹ በጥድፊያ አልበም አላወጣችም። አንድ ዓመት ገደማ ተጠበቀ። በመሃል የወጣው ነጠላ ዜማ በብሪታንያ የ2007 ከሁሉ የበለጠ የተሸጠ ሆነ፣ በ2008 አሜሪካ ውስጥም አንደኛ ወጣ። ሁለቱም የተረፉት ለድምፃቸው የሚሆን ዘፈን ሰው ተቀምጦ ስለፈለገላቸው ነው።

ለአብዛኛው አሸናፊ ይሄ ጊዜ አይሰጠውም። የአሸናፊው ዘፈን ማን እንደሚያሸንፍ ሳይታወቅ ቀድሞ ይመረጣል። ልብ በሉ፣ ለሁለትና ለሦስት የተለያዩ ሰዎች አንድ ዘፈን! ፍጻሜው እንዳለቀ ይለቀቃል፣ የሕዝቡ ስሜት ሳይበርድ አልበሙ ይከተላል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ አሸናፊ ይመጣና የዕለቱ መነጋገሪያ እሱ ይሆናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በጊዜ የተሰናበተው ግን ቤቱ ሄዶ የመቀመጥ ዕድል አለው። ስሙ ትንሽ ታውቋል፣ የሚያስቸኩለው የለም፣ ከማን ጋር እንደሚሠራ ራሱ ይመርጣል። ብዙ ጊዜ የተሸነፈው የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የውሉም ነገር አለ። ተወዳዳሪው ገና ከመጀመሪያው የሚፈርመው ወረቀት፣ ቢያሸንፍ ማን እንደሚያስተዳድረውና ማን እንደሚያሳትመው አስቀድሞ የሚወስን ነው። በ2012 አሜሪካን አይዶልን ያሸነፈው ፊሊፕ ፊሊፕስ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማው በሚሊዮኖች ተሸጦለት ሳለ በ2015 መጀመሪያ ከእነዚያ ውሎች እንዲለቀቅ ለካሊፎርኒያ የሠራተኛ ጉዳይ ባለሥልጣን አቤት አለ። ጉዳዩ በ2017 በስምምነት አለቀ። አንድ ዘፋኝ በጣም በሚፈለግበት ዕድሜው እንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ መግባቱ ያሳዝነኛል። ያ ጊዜ አይመለስም።

ኮሪያ ደግሞ ብቻዋን መታየት አለባት። እዚያ ውድድሩ ኢንዱስትሪው ራሱ ሆኗል። የኬፖፕ ቡድን የሚሠራው በዓመታት ሥልጠና ነው፤ ዘፈኑም ውዝዋዜውም ከኩባንያው ይመጣል። ስለዚህ ሥልጠናውን በካሜራ ፊት ማድረግና አባላቱን ሕዝቡ እንዲመርጥ ማድረግ ከአሠራሩ ጋር ይገጥማል። ትዋይስ የሚባለው የሴቶች ቡድን በ2015 የተመሠረተው በእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ነው። በ2016 የጀመረው ፕሮዲውስ 101 ደግሞ ተመልካቹን "አንተ ነህ ፕሮዲዩሰሩ" አለው። ሰውም አመነ። በ2019 ግን የድምፅ ቆጠራው መጭበርበሩ ታወቀ። በቀጣዩ ዓመት አዘጋጁ እስር ተፈረደበት፣ በመጨረሻው ዙር የተመሠረተው ኤክስ ዋን የተባለ ቡድን ግን ዓመት እንኳ ሳይሞላው በጥር 2020 ፈርሶ ነበር። የልጆቹን ነገር አስቡት፤ ማን በእውነት እንደተመረጠ፣ ማን እንዳልተመረጠ ሳያውቁ አብረው መድረክ ላይ ሲቆሙ። ቻይና ውስጥ በ2021 በአንድ ተመሳሳይ ውድድር የድምፅ መስጫው ኮድ በስፖንሰሩ የወተት ጠርሙስ ክዳን ውስጥ ነበር። ደጋፊዎች ወተቱን በገፍ ገዝተው፣ ክዳኑን ወስደው፣ ወተቱን ቦይ ውስጥ ሲያስደፉ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ፍጻሜው ተሰረዘ፣ በመስከረም ወር መንግሥት እንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞችን ከለከለ። ድምፅ መስጠት ግዢ ሲሆን የሚመዘነው የደጋፊው ኪስ ነው።

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። ያ ጠባብ በር ዛሬ የለም። ማንም ልጅ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ የዘፈነውን ሚሊዮኖች ሊያዩለት ይችላሉ። የናይጄሪያው ሬማ የተገኘው ኢንስታግራም ላይ በለቀቀው አጭር ቪዲዮ ነው፤ አይራ ስታርም በዚያው መንገድ። ቢሊ አይሊሽ በ2015 የመጀመሪያ ዘፈኗን ሳውንድክላውድ በሚባል የሙዚቃ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ነው የጫነችው። እዚህ ጋ ከቴሌቪዥኑ ጋር ትልቅ ልዩነት አለ፦ ኢንተርኔቱ ላይ ሰው የራሱን ዘፈን ይዞ መምጣት ይችላል። የሰው ዘፈን እየዘፈነ ቢጀምርም በማግስቱ የራሱን ሞክሮ አድማጭ ምን እንደሚል ያያል።

የቤንሰን ቡን ነገር ይሄን ለውጥ በደንብ ያሳያል። በ2021 አሜሪካን አይዶል ላይ ሲቀርብ ዳኛዋ ኬቲ ፔሪ ማሸነፍ እንደሚችል ነገረችው። ከምርጥ 24ቱ ገባ። ከዚያ ራሱ ትቶ ወጣ፤ ስሙ ከውድድሩ ጋር ተጣብቆ እንዲቀር አልፈለገም። ቲክቶክ ላይ የራሱን ዘፈኖች መልቀቅ ያዘ። በ2024 ያወጣው ዘፈን የዓለም አቀፉ የሙዚቃ አሳታሚዎች ፌደሬሽን የዓመቱ ከሁሉ የላቀ ነጠላ ዜማ ብሎ የመዘገበው ነው። ከ20 ዓመት በፊት እንዲህ ያደረገ ልጅ አበደ ይባል ነበር። ዛሬ ትክክለኛ ስሌት ሆኗል።

ታዲያ ውድድሮቹ በሙዚቃው ላይ ምንም አሻራ የላቸውም ማለት አይደለም። በተለይ ጆሯችን ላይ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጥሩ ዘፋኝ ማለት ከፍ አድርጎ የሚጮህ፣ ድምፁን የሚያሽከረክር ነው የሚል ሐሳብ በየሳሎኑ ዘርተዋል፣ ይሄ ለእኔ ትልቁ ጉዳታቸው ነው። ድምፃቸው ትንሽ፣ ግን የሚናገሩት ያላቸው ስንት ልጆች "እኔ አልችልም" ብለው እንደተዉት ማን ቆጠረው? በ2010 ኤክስ ፋክተር በኦዲሽን ቅጂዎች ላይ የድምፅ ማስተካከያ ሶፍትዌር መጠቀሙ ሲታወቅ ሰው የተቆጣው ለዚህ ነው፤ እውነተኛ ድምፅ ነው ተብሎ የቀረበለት ተስተካክሎ ነበር።

በጎ አሻራም አላቸው። በ2008 የገና ሰሞን የኤክስ ፋክተር አሸናፊዋ አሌክሳንድራ በርክ የሊናርድ ኮኸንን "ሃሌሉያ" ዘፍና አንደኛ ስትወጣ፣ ብዙ ሰው የቆየውን የጄፍ በክሊን ቅጂ ፈልጎ ገዝቶ ሁለተኛ አደረገው፣ የኮኸን የራሱም ቅጂ ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ። አንድ የ1984 ዘፈን በአንድ ሳምንት በሦስት ድምፅ! አሮጌ ዘፈንን ለአዲስ ትውልድ በማስተዋወቅ እነዚህ ፕሮግራሞች የሚችላቸው አልነበረም። ይሄም ቢሆን ግን ያው ትናንት የተሠራ ሙዚቃ ነው።

ውድድሩ ወደ ዛሬው ሙዚቃ እንዲጠጋ ከተፈለገ መንገዱ ይታየኛል፦ ተወዳዳሪው የራሱን ዘፈን ይዞ ይግባ። የጣሊያኖቹ ማነስኪን በ2017 በአገራቸው ኤክስ ፋክተር ላይ ሲወዳደሩ ቀድሞ የተሠራ ባንድ ነበሩ፣ በሮም ጎዳናዎች ላይ እየተጫወቱ የመጡ፣ እዚያም የራሳቸውን ዘፈን አሰሙ። ሁለተኛ ወጡ። በ2021 ሳንሬሞ የተባለውን የአገራቸውን የዘፈን ውድድርም ዩሮቪዥንንም አሸነፉ። ዩሮቪዥን ራሱ ከ1956 ጀምሮ የዘፈን ውድድር ነው፤ አዲስ ዘፈን ነው የሚቀርብበት። የስዊድኑ ቡድን አባ በ1974 ያሸነፉት በራሳቸው ዘፈን ስለሆነ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሠሩ ያኔውኑ ይታይ ነበር።

ከሁሉ በላይ የምወደው ታሪክ ግን የቢዮንሴ ነው። የ11 ዓመት ልጅ ሆና ገርልስ ታይም ከሚባል የሴቶች ቡድን ጋር ስታር ሰርች በሚባለው የአሜሪካ ውድድር ላይ ቀረበች። በ1993 በቴሌቪዥን ታየ። ራፕና ዳንስ ይዘው ነበር የመጡት፤ በአንድ የሮክ ባንድ ተሸነፉ። ቅጂው ለዓመታት ተቀመጠ። በ2013 ባወጣችው አልበም ውስጥ ያ የቴሌቪዥን ድምፅ ተመልሶ መጣ፦ አንዱ ዘፈኗ የሚጀምረው አስተዋዋቂው ልጆቹን ወደ መድረክ ሲጠራ ነው፣ የሚያልቀው ደግሞ መሸነፋቸው ሲነገር።